ታጥቦ የመጣው ጠጉር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ባለፈው በጋ መንዝ ውስጥ ዘመሮ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ነዳጅ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚደረግ ለልጆች ሳስረዳ ስለከረምኩ ነው። አስተማሪም አይደለሁም። የቤተ መጻሕፍቱን በር የምከፍትና የምዘጋ፣ የተገነጠሉ ገጾችን የማጣብቅ፣ በተረፈኝ ሰዓት ግጥም የምሞክር የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። የባዮሎጂው መምህር ዝውውር አግኝቶ ሲሄድ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ባለቤት አጣ። ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ አገኘኝና፣ «አንተ ቁልፍም ክፍልም አለህ፤ ለጊዜው ያዝልን» አለኝ። ለጊዜው ያዝልን ተብዬ የያዝኩት ነገር ያ ብቻ አልነበረም፤ የደወሉ ብረትም፣ የጤፍ መጋዘኑ ቁልፍም እኔ ዘንድ ነበሩ። እሺ አልኩ።

ለክበቡ የሚሆን መጽሐፍ ፈለግሁ። መደርደሪያው ሥር ከብዙ ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣ ካርቶን ነበር፤ አብዛኛውን አይጥ ጨርሶታል። ገጹ ያልጎደለ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ተገኘ። ስለ መርከብ፣ ስለ ፈሰሰ ዘይት፣ ዘይት ስለነካቸው ወፎች ይናገራል። ስለ አፈር መሸርሸር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ያለው እሱ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልተን፣ ጨው ጨምረንበት፣ ከወፍጮ ቤቱ የለመንኩትን የተቃጠለ ዘይት ጠብ አደረግንበት። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ከበቡት። ከመካከላቸው አንዱ አፉ የማያርፍ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

«ቲቸር፣ ባሕሩ ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ታዲያ መርከቡስ?»

ከመስኮቱ ላይ የሳሙና ማስቀመጫ አንስቼ አንሳፈፍኩለት። እሱም በጣም አዝኖ ተመለከተውና፣ «ካፒቴኑን ሌላ ሰው አድርጉ፤ እኔ ዋና አልችልም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ካፒቴን ሆኖ ቀረ።

ያልሳቀችው የክበቡ ሰብሳቢ ነበረች። እሷም አሥረኛ ክፍል ናት፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሞላሌ የሚወስደው መንገድ ከሚታጠፍበት ጥምዝ በታች ነው። የዶሮ ላባ በዘይቱ ነክራ አወጣችና ለብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው። ላባው ተጣብቆ እንደ እርጥብ ገለባ ሆኗል። መጽሐፉ፣ ወፎቹን የሚገድላቸው ብዙውን ጊዜ መርዙ ሳይሆን ብርዱ ነው ይላል፤ ላባው ሲጣበቅ ሙቀት መያዝ ያቆማል። ይህን ስነግራቸው እሷ ቀና ብላ፣ «በውርጭ እንደ ተሸለተ በግ ማለት ነው» አለች። እኔ ከዚያ የተሻለ አላስረዳሁም።

ከዚያ ዘይቱን ከውሃው ለመለየት ሞከርን። ወረቀት፣ ጥጥ፣ የገብስ ገለባ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ወጥቶ ከትምህርት ቤቱ የእሾህ አጥር ላይ፣ በጎች ሲታከኩ የተዉትን ጠጉር ለቃቅሞ መጣ። ቆሻሻ፣ እበት የነካው ጠጉር ነበር። ሳፋው ላይ ስንጥለው ተንሳፈፈ፤ ጥቁሩን ዘይት እየሳበ ወፈረ፤ ስናወጣው ውሃው ጠርቶ ቀረ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ቲቸር፣ ታዲያ ለምን በጉን ራሱን አንከተውም?» አለ ካፒቴኑ።

እንዲህ ሆኖ ትምህርቱ አለቀ። ሳፋውን አጥቤ ለጽዳት ሠራተኛዋ መለስኩላት። ያን ሰሞን ስለ ባሕር ግጥም ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት መስመር ከጻፍኩ በኋላ የማውቀው የሳፋውን ጠርዝ ብቻ እንደሆነ ገብቶኝ ተውኩት።

ጥር ገብቶ ጥምቀት ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ካፒቴኑ እየሮጠ ቤተ መጻሕፍት ገባ። «ቲቸር፣ መርከቡ መጣ» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን አልነበረም።

ለወፍጮ ቤት ናፍጣ የጫነ መኪና ጥምዙ ላይ ሲዞር ገመዱ ተበጥሶ በርሜሎቹ ተንከባለው ገደሉ ሥር ተከስክሰዋል። እኔና የክበቡ ልጆች ስንደርስ ሹፌሩ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ «እኔ ገመዱን አጥብቄ ነው ያሰርኩት» ይላል። እሱን ማንም አልጠየቀውም። ጄሪካን ይዘው የወረዱ ሰዎች ከድንጋዮቹ መሐል የተረፈውን ናፍጣ በጣሳ ይቀዳሉ። የቀረው ቀስ እያለ ወደ ጅረቱ ይወርዳል።

ጅረቱ በበጋ ቀጭን ነው፤ ልጅ በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ነገር ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በየዓመቱ ወጣቶቹ በድንጋይና ከነሥሩ በተቆረጠ ሣር እየከተሩት ሰፊ ኩሬ ይሆናል። ጥምቀተ ባሕራችን እሱ ነው፤ ታቦቱ የሚወርደው እዚያ ነው። ክትሩ በዚያ ሳምንት ተሠርቶ ውሃው መሙላት ጀምሮ ነበር። ከኩሬው በታች ደግሞ የሰብሳቢዋ ቤት አለ። አባቷ በሕይወት የለም። እናቷ በጎቻቸውን የሚያጠጡትም፣ ለቤት የሚቀዱትም ከዚያው ነው። በበጋ ሌላ ውሃ ከተፈለገ ወደ ጓሳ በኩል ሽቅብ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። ልጅቷ ጥምዙ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። እኔም የምታየው ምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ ወጥቼ ወደ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደወልኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ የደከመው ድምፅ አነሣ።

«ባለሙያ ይመጣል። እስከዚያ ምንም እንዳትነኩ።»

«ውሃው ግን ይሄዳል እኮ።»

«እሱን አውቃለሁ። እናንተ ግን አትንኩ።»

«መቼ ይመጣል?»

«መኪና ሲገኝ።»

ስወርድ ልጅቷ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ መጽሐፉ መጀመሪያ ምን አድርጉ ነው የሚለው?»

«መጀመሪያ የሚፈሰውን አቁሙ፤ ከዚያ እንዳይስፋፋ አግዱት።»

«የሚፈሰውን ሰዎቹ እየቀዱት ነው» አለች። «እኛ እንገድበው።»

የተረፉት በርሜሎች ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ከተደረገ በኋላ፣ ከኩሬው በላይ ጅረቱ በሁለት ድንጋይ መሐል የሚጠብበትን ቦታ መረጥን። መከተር ለእነዚያ ልጆች የሚነገር ነገር አይደለም፤ የጥምቀቱን የከተሩት እነሱና ወንድሞቻቸው ናቸው። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘይት ከላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ከክትሩ ግርጌ ቱቦ ከቀበርን ውሃው ከሥር እያለፈ ናፍጣው ከላይ ይቀራል። ከትምህርት ቤቱ የተበላሸ የውሃ መስመር ላይ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ አመጣን። እጃቸው ላይ ፌስታል አስሬላቸው፣ ክብሪት የያዘ እንዳይጠጋ አስጠንቅቄ፣ ራሱን ያመመው ልጅ ነፋስ ወደሚመጣበት በኩል እንዲወጣ አደረግሁ። ታናናሾቹን ወደ ቤት መለስኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ክትሩ ቆመ። ከሥሩ ውሃ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ናፍጣው እንደ ቀስተ ደመና እያንጸባረቀ ተኛ። ያምር ነበር፤ ማማሩ አናደደኝ። ገለባ በተንንበት። ትንሽ ጠጣ፤ ከዚያ ተፈረካክሶ ቱቦውን ሊዘጋ ቀረበ። በእጃችን ለቅመን አወጣነው። የሁላችንም ወገብ ተቆርጦ ነበር።

«ጠጉር ነው የሚያዋጣው» አለ ካፒቴኑ።

«እንግዲያው ነገ ሁላችሁም ከየቤታችሁ የበግ ጠጉር ይዛችሁ ኑ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር የሌለበት ቤት የለም፤ ከሱ በርኖስና ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል፤ እናቶቹ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጠጉሩ መጣ። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ልጆቹ በነጠላ ቋጥረው፣ በአዲስ ሰፌድ አድርገው፣ አንዳንዱም ከእናቱ ጋር ሆኖ ተሸክሞ መጣ። ፈትቼ ሳየው እንደ ደመና ነጭ ነው። ገና አልደረቀም፤ የእንዶድ ሽታ አለው። እናቶች ማታ ውሃ አሙቀው፣ ለበርኖስ ያስቀመጡትን ምርጡን ጠጉር አጥበው፣ ቆሻሻውን ለቅመው ነው የላኩት። ከሰው ፊት ያደፈ ነገር ማቅረብ በራሱ ነውር ነው፤ ይህ ደግሞ ታቦት ለሚወርድበት ውሃ ነው። ማን ያደፈ ጠጉር ይልካል?

የሽንኩርት መያዣ የሆኑትን መረባማ ከረጢቶች በጠጉሩ ሞልተን፣ በገመድ አያይዘን፣ ከክትሩ ፊት ለፊት ውሃው ላይ ዘረጋናቸው። ለትንሽ ጊዜ ተንሳፈፉ። ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ አንደኛው ጫፍ ዘቀጠ። ቀጥሎ መሐሉ። ነጩ ጠጉር ውሃ ጠጥቶ ከብዶ፣ አንዱ ከረጢት ሌላውን እየጎተተ ሁሉም ወረደ፤ ናፍጣው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ከላያቸው አለፈና ክትሩ ላይ ተኛ። ጎትተን ስናወጣቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። የብዙ እናት የሌሊት ድካም ጭቃ ላይ ተዘረጋ።

«ቲቸር፣ ሳፋው ላይ ሠርቶ ነበር እኮ» አለኝ ካፒቴኑ። ያን ጊዜ አልቀለደም።

አላወቅሁም። በእውነት ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል።

ልጅቷ በቅርብ ወዳለ የእሾህ አጥር ሄደች። እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ጠጉር ይዛ ተመለሰችና ክትሩ ላይ ጣለችው። ተንሳፈፈ። ከነጩም ቆንጥራ አጠገቡ ጣለች። ጥቂት ቆይቶ ሰመጠ። ሁለተኛም ሞከረች፤ ያው ሆነ። ሁለቱን በጣቶቿ መሐል አሸች፤ ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ከእሾሁ የመጣው ጣቷን አውዝቶታል። የበግ ጠጉር የራሱ ቅባት አለው፤ ዝናብ በበጉ ላይ የማይሰርገው በሱ ነው። ውሃ የሚመልሰው፣ ዘይት የሚስበው እሱ ነው። እኛ ደግሞ እሱን በእንዶድ አጥበን አውጥተነዋል።

«ያልታጠበ ነው የሚያስፈልገው» አለች።

«ያልታጠበ ከየት ይመጣል?» አለች አንዲት እናት። «ቤታችን ያለውን ሁሉ ማታ አጠብነው።»

ያልታጠበው ጠጉር ያለው በጎቹ ጀርባ ላይ ነበር። ወሩ ግን ጥር ነው። ጠዋት ጠዋት አመዳዩ መሬቱን ነጭ ያደርገዋል። በዚያ ወር በግ የሚሸልት ሰው በእኛ አገር የለም።

በዚህ መሐል የደብሩ አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወረዱ። የመጡት ውሃውን ሊያዩ ነው። ልጅቷ እጅ ነስታ የሆነውን ነገረቻቸው። ከሕዝቡ አንዱ፣ «አባ፣ እበት የነካው ጠጉር ከጥምቀተ ባሕሩ በላይ ይግባ ነው የሚሉት እነዚህ። ይሆናል?» አለ።

አለቃው ኩሬውን አዩ፤ ክትሩን አዩ፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ናፍጣውስ ታጥቦ ነው የመጣው?» አሉት።

ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን አለቀቀም። «አይ አባ፣ ከነገ ወዲያ ከተራ ነው ብዬ ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ ልጄ። ጠጉሩ ከላይ ክትር ነው የሚቀረው፤ ወደ ኩሬው አይገባም፤ ነው?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

«አይገባም አባ።»

«እንግዲያው የበጎቹን ነገር ባለበጎቹ ያውቃሉ።»

ባለበጎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አንድም በግ ስለሌለኝ ሸልቱ ልላቸው አልቻልኩም።

የልጅቷ እናት ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ያደረቡት በርኖስ ጫፉ ተተልትሏል። ወደ ፊት መጡና፣ «አስተማሪ» አሉኝ።

«አስተማሪ አይደለሁም እትዬ።»

«ይሁን። መጽሐፍህ ስለ ወፍ ይናገራል አለችኝ ልጄ። ስለ በጎቼስ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ውርጭ ሲመታቸው ምን ይደረግ ይላል?»

«እሱንም አይልም እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቆጥተው አልነበረም፤ ገበያ ወጥቶ የፈለገውን እንዳላገኘ ሰው ነው። ከዚያ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እዚያው ቆሜ ከእሳቸው ጋር አሰብኩ። ካልሸለቱ ናፍጣው ቀስ እያለ ወርዶ ኩሬውን ያበላሻል፤ በጎቹ የሚጠጡት ያጣሉ። ከሸለቱ ውርጩ ይጨርሳቸዋል። በሁለቱም በኩል በጎቹ ናቸው። ልጅቷ እናቷን አታይም፤ መሬት መሬት ታያለች። የምለምናት ይመስላታል ብላ የፈራች ይመስለኛል።

«እርጉዞቹን አንነካም» አሉ እናትየው በመጨረሻ። «ሙክቶቹንና መካኖቹን። ጀርባውን ብቻ፤ ሆዱን ተዉለት። መቀስ አምጪ።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

«መቀስ አምጪ አልኩሽ። ደግሞ ያንን ባና ከመደቡ ላይ አንሺ፤ ለእነሱ ይሆናል። እኛ ሰው ነን፤ እሳት እናነዳለን።»

በጎቹ ተነድተው መጡ። እናትየው የመጀመሪያውን ሙክት ጉልበታቸው መሐል አስገብተው በመቀሱ ጀመሩት። በጉ እንግዳ ነገር እንደደረሰበት ያህል ዞሮ ዞሮ ያያቸዋል። «ምን ታየኛለህ፤ የምትጠጣውን ነው የማስተካክልልህ» ይሉታል። ጠጉሩ ከነቅባቱ፣ ከነአቧራው እየተጠቀለለ ይወድቃል። ሦስተኛውን ሲሸልቱ አንዲት ጎረቤት ከላይ በኩል አንድ በግ በጆሮው ይዛ መጣች። «አንድ ብቻ ነው የምሰጥ» አለች። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ያ ቅድም ከአለቃው ጋር የተከራከረው ሰውዬም ሁለት በግ ነድቶ መጣ፤ ማንንም ሳያይ።

ያልታጠበውን ጠጉር ከረጢት ሞልተን ዘረጋነው። ተንሳፈፈ። ናፍጣው ወደሱ ሲጠጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ያ የሚያንጸባርቀው ቀስተ ደመና እየጠበበ ከረጢቶቹ ጠርዝ ላይ ይጠፋል። አውጥተን ጨምቀን በርሜል ውስጥ እናንጠፈጥፋለን፤ እንደገና እንዘረጋለን። ያንን ቀን ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም ይህን ስናደርግ ዋልን። ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም። እጃችን ተሰነጣጠቀ፤ የበላነው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለን። ካፒቴኑ እንኳ ቀልዱ አልቆ፣ «ቲቸር፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስለ ማር እናጥና» አለኝ።

በከተራው ዕለት ጠዋት አለቃው እንደገና ወረዱ። ክትራችን ላይ የቀረው ስስ ነበር፤ ኩሬው ላይ ደግሞ በፀሐይ አቅጣጫ ሲታይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚንቀሳቀስ ጭላንጭል አለ። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ቀዱ፤ አሸተቱ፤ መለሱት።

«ታቦቱ እዚሁ ይወርዳል» አሉ። «ከአባቶቻችን ጀምሮ የሚወርደው እዚህ ነው። ሕዝቡ የሚረጨው ግን ወደ ጓሳ በኩል ካለው ምንጭ በጄሪካን ይቀዳ፤ ጸሎቱ እሱ ላይ ይደረጋል። ይህን ማንም እንዳይጠጣ። ሕፃናት እንዳይገቡ።»

«አባ፣ ደክመው ነበር እኮ ልጆቹ» አለ አንድ ሰው።

«ድካማቸውን ማን ካደው? ያሸታል ነው ያልኩት።»

እውነታቸውን ነው፤ ያሸታል። ልጆቹ ግን ከፋቸው። ኩሬው እንደ ወትሮው እንዲሆን ነበር የሠሩት። ታቦቱ ሲወርድ፣ ዝማሬው ሲሞቅ፣ እነሱ ራቅ ብለው አንድ ላይ ቆሙ። በማግሥቱ ውሃው ከባልዲ ሲረጭ ካፒቴኑ ፊቱን አዙሮ ክትሩን ያይ ነበር። ሰብሳቢዋ ከመካከላቸው አልነበረችም። ከበጎቹ ጋር ቤት ቀርታለች።

ከበዓሉ በኋላ ልጅቷንና እናቷን ልጠይቅ ወረድኩ። የተሸለቱት በጎች ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ታጉረዋል። በአንዳንዱ ጀርባ ላይ የተቀደደ ማዳበሪያ ታስሯል፤ ትልቁ ሙክት ባናውን ለብሷል። የሚያስቅ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። አንዷ መካን ከአመዳዩ ጠዋት በኋላ አልተነሣችም። እናትየው ይህን አልነገሩኝም፤ ልጅቷ ናት በር ላይ የነገረችኝ። እናትየው የነገሩኝ ሌላ ነው።

«አይጠጡም።»

«ውሃውን?»

«ይሄዳሉ፤ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ፤ ይመለሳሉ። እኛ ጠራ እንላለን፤ እነሱ አልጠራም ይላሉ።»

«እስቲ ትንሽ ይቆዩ እትዬ። ከላይ አዲስ ውሃ ሲገባ፣ አሮጌው ይወጣል።»

«እሱንማ እየጠበቅሁ ነው» አሉ። ጓሮ የቆመች አህያ ላይ ጄሪካኖች ታስረዋል። ወደ ጓሳ በኩል ሽቅብ እየወጡ ውሃ የሚያመጡት በሷ ነው፤ ጠዋት ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት ቀንሳለች፤ ከእናቷ ጋር በተራ ውሃ ትቀዳለች። ክትሩ ላይ ቆማ ትእዛዝ ስትሰጥ ያየኋት ልጅ፣ ያን ዕለት በር ላይ ቆማ ስትሸኘኝ ዓይኗ ከድካም የተነሣ ቀልቷል። «የሒሳቡን ደብተር ከሌሎቹ አስገልብጬ እልክልሻለሁ» አልኳት።

ባለሙያው መኪና ሲገኝ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ አቧራና እንቅልፍ አለ። ክትሩን አየ፤ ቱቦውን አየ፤ «ጎበዞች ናችሁ» አለ። ከዚያ ልጆቹ ከረጢቶቹን ይዘው እንዲቆሙ አድርጎ ፎቶ አነሣቸው። ናፍጣ የጠጣው ጠጉር የት እንደሚጣል ጠየቅሁት።

«እንዳትቀብሩት፤ እንዳታቃጥሉትም። የሚወስድ መኪና እንልካለን።»

«እስከዚያ የት እናድርገው?»

ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ርዕሰ መምህሩን አየ። ርዕሰ መምህሩ እኔን አየኝ። «ቁልፍ አለህ አይደል» አለኝ።

ከረጢቶቹ አሁንም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ናቸው። መኪናው አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያ የደከመ ድምፅ ነው ያነሣው፤ እሱም እኔን መለየት ጀምሯል። ፀሐይ ሲበረታ ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ መጻሕፍቱን ይዟል። አንድ ልጅ የታሪክ መጽሐፍ ተውሶ ሲወስድ አሽትቶ፣ «ይሄ የየትኛው ዘመን ነው?» አለኝ። ክበቡን የሚረከብ አስተማሪም አልተመደበም። ግጥሙን መልሼ ሞክሬው ነበር። ባሕሩን አውጥቼ ክትሩን አስገባሁበት፤ አሁንም አልሆነም፤ ነገር ግን ቢያንስ ያላየሁትን አላወራሁም።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ የተቦጨቀ ሽፋን ሳጣብቅ ልጅቷ ገባች። ሮጣ አልመጣችም። ጫማዋን በሩ ላይ አራገፈች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ብዙ ቀን ስላላየኋት ተነሣሁ።

«ጠጡ» አለች።

«ሁሉም?»

«መጀመሪያ ባናውን የለበሰው። ከዚያ ተከተሉት።»

«እናትሽስ?»

«ጄሪካኖቹን ከአህያዋ ላይ ፈታቻቸው።»

ሌላ የምትለኝ ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከጥጉ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያስገለበጥኩላትን ደብተር አውጥታ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም ማጣበቂያው ሳይደርቅ ወደ ሽፋኑ ተመለስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ናፍጣው ይሸታል።